መሀል ከተማ፣ ነባር ሰፈር ወይስ ከተማ ዳር? ወደማታውቁት ከተማ ስትዛወሩ የሰፈር ምርጫ ንጽጽር

ሥራው ተገኝቷል፣ የመሄጃው ቀን ተቆርጧል፣ ቤት ግን ገና የለም። እስከዚያው ስልካችሁ ላይ የአፓርታማ ፎቶ ታገላብጣላችሁ። ሳሎኑ ሰፊ፣ ወጥ ቤቱ አዲስ፣ ኪራዩም ከፈራችሁት በታች ነው። ፎቶው የማያሳየው ሰፈሩን ነው። የቤቱ ቀለም ካላማራችሁ ትቀቡታላችሁ። ሰፈሩ ካላማራችሁ ግን ያላችሁ አማራጭ ዕቃ መጫን ብቻ ነው።

አብዛኞቹ ከተሞች ለአዲስ ገቢ የሚያቀርቡት ምርጫ ሲጠቃለል ሦስት ነው፦ መሀል ከተማ፣ ከመሀሉ ወጣ ያለ ነባር መኖሪያ ሰፈር፣ እና ከተማ ዳር አዲስ የተገነባ ሰፈር። ሥራ ቦታ አጠገብ የሚባል አራተኛም አለ፤ እሱን ወደኋላ አነሳዋለሁ።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ሰው ሁሉ የሚያወዳድረው ኪራይን ከኪራይ ጋር ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሸወዱት። ከመሀል እየራቃችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ኪራይ አብዛኛውን ጊዜ ይቀንሳል። ኢኮኖሚስቱ ዊሊያም አሎንሶ እ.ኤ.አ. በ1964 ይህንን በንድፈ ሐሳብ አስቀምጦታል፤ ሰው ለመሀል ቅርበት ብዙ የሚከፍለው የመንገድ ወጪና ድካም ስለሚቀርለት ነው። ስለዚህ ዳር ላይ ኪራይ የረከሰው ለእናንተ ታዝኖ አይደለም። ልዩነቱን በትራንስፖርትና በጊዜ ትከፍሉታላችሁ።

ቺካጎ ያለ አንድ የከተማ ጥናት ማዕከል ቤትና ትራንስፖርት አንድ ላይ ተደምረው ከገቢ 45 በመቶ ባይበልጡ ይመርጣል። ቁጥሩ ለሁሉም ከተማና ለሁሉም ኪስ ላይሠራ ይችላል፤ ሁለቱን ደምሮ ማየቱ ግን የትም ይሠራል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ለሥራችሁ የሚቀርበው ቤት ኪራዩ የገቢያችሁን 35 በመቶ ይወስዳል እንበል፣ ትራንስፖርቱ ደግሞ 4 በመቶ። የራቀው ቤት ኪራዩ 25 በመቶ ነው፣ ግን መኪና ያስፈልገዋል፤ ነዳጁ፣ ጥገናው፣ ማቆሚያው ተደምሮ 16 በመቶ ይሆናል። ርካሽ የተባለው ቤት 41፣ ውድ የተባለው 39 በመቶ ወሰደ።

ጊዜው ደግሞ ከገንዘቡ ይብሳል። አንደኛው ሰፈር ከሥራ 20 ደቂቃ፣ ሌላኛው 65 ደቂቃ ቢርቅ ልዩነቱ በደርሶ መልስ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በ22 የሥራ ቀን 33 ሰዓት ይሆናል። በየወሩ ከአራት የሥራ ቀን በላይ መንገድ ላይ ቀለጠ ማለት ነው፣ ያውም ደመወዝ የሌለው። አሎይስ ስቱትዘርና ብሩኖ ፍራይ የተባሉ የስዊዘርላንድ ኢኮኖሚስቶች የጀርመንን መረጃ ሲመረምሩ፣ የሥራ መንገዳቸው ረጅም የሆነ ሰዎች በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ዝቅ ብሎ አግኝተውታል። ርካሹ ኪራይም ሆነ የተሻለው ደመወዝ ድካሙን አላካካሰላቸውም።

መሀል ከተማ

ለአዲስ ገቢ መሀል ከተማ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ከተማውን ቶሎ ያስለምዳል። ጉዳያችሁን በእግር ትጨርሳላችሁ፣ አምሽታችሁም መመለሻ አታጡም፣ መኪና ባይኖራችሁም አይከብዳችሁም። ብቻውን ለሚመጣና ሰው መተዋወቅ ለሚፈልግ አሪፍ ነው።

ጣጣው ድምፅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የሌሊት የትራፊክ ድምፅ ከ45 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) በታች ቢሆን ይመክራል። የ10 ዴሲቤል ጭማሪ ደግሞ ለጆሯችን በግምት እጥፍ ሆኖ ነው የሚሰማው። ስለዚህ በአንድ ሕንፃ ውስጥ እንኳ ዋና መንገድ የሚያየው ክፍልና ጓሮ የሚያየው ክፍል ፈጽሞ አይገናኙም። ቤቱን ስታዩ መኝታ ቤት ግቡና መስኮቱን ክፈቱት። አፋችሁን ዘግታችሁ ሁለት ደቂቃ ቁሙ። ከዚያ ዝጉትና እንደገና አድምጡ። አስጎብኚው ወሬውን ካላቋረጠ «አንዴ ይቅርታ» በሉት። ከታች ጋራዥ ወይም ጭፈራ ቤት ካለ ቀን ቢሆንም ምልክቱን ታገኛላችሁ፦ የዘይት ጠብታ ያጠቆረው አስፋልት፣ በር ላይ የተደረደሩ ትልልቅ ስፒከሮች።

ሌላው ችግር ጎረቤት ቶሎ ቶሎ መቀያየሩ ነው። በአጭር ጊዜ እንግዳ የሚሞላ ሕንፃ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር አይታወቅም፤ ሻንጣ ሌሊቱን ሙሉ ደረጃ ላይ ሲንኳኳ ያድራል።

ነባር መኖሪያ ሰፈር

የእኔ ምርጫ ይሄኛው ነው፤ አንድ ሁኔታ እስከተሟላ ድረስ፦ ወደ መሀል የሚወስድ ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ትራንስፖርት በእግር መድረስ የሚቻልበት ላይ ይሁን። ሰው በአማካይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይራመዳል። ፌርማታው 800 ሜትር ቢርቅ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ታማርራላችሁ። ከርቀቱ በላይ ግን ድግግሞሹን ጠይቁ። በየ10 ደቂቃው የሚመጣ አውቶቡስ ዝም ብላችሁ ብትወጡ በአማካይ 5 ደቂቃ ያስጠብቃችኋል። በየ40 ደቂቃው የሚመጣው ግን 20፤ ካመለጣችሁማ 40 ሙሉ። ካርታ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት መስመር ናቸው።

ነባር ሰፈር ላይ የምወደው የሚታየው ሁሉ ያለ ነገር መሆኑ ነው። ሱቁ ተከፍቷል፣ ክሊኒኩ ሰው ይገባበታል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት በእግራቸው ይመለሳሉ። ልጆች ብቻቸውን የሚሄዱበት መንገድ ስለ ሰፈሩ ደኅንነት ከየትኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይናገራል። ጎረቤቱም ለረጅም ጊዜ የኖረ ስለሆነ ስለ ሕንፃው እውነቱን ይነግራችኋል፤ ደጅ የተቀመጡትን አዛውንት ሰላም ብሎ «ውሃ ይጠፋል ወይ?» ማለት ነው።

ድክመቱ ሕንፃው ማርጀቱ ነው። ሊፍት ላይኖር ይችላል፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ የገበያ ዕቃ ተሸክማችሁ አስቡት። ቧንቧውን ክፈቱ፣ ሻወሩን አብራችሁ ክፈቱና ግፊቱ ይወርድ እንደሆነ እዩ። የመታጠቢያ ቤቱን ጣሪያ ጥግ ተመልከቱ፤ ዙሪያው ቢጫ የሆነ ጥላ ካለ ከላይ ያፈስሳል ማለት ነው፣ አዲስ ቀለም ለዚያች ጥግ ብቻ ከተቀባ ደግሞ የባሰ ነው። የመጨረሻው ፎቅ ሙቀትና የጣሪያ ፍሳሽ፣ ምድር ቤቱ እርጥበትና የመንገደኛ ዓይን አለባቸው። መሀለኛው ፎቅ ሲገኝ አትለፉት።

ከተማ ዳር፣ አዲስ ሰፈር

ልጆችና መኪና ላለው፣ ከቤቱ ለሚሠራ፣ ጸጥታ ለሚወድ ጥሩ ነው። ክፍሎቹ ሰፋ ይላሉ፣ ሕንፃው አዲስ ነው፣ መኪና ማቆሚያ አይጨንቅም።

የምፈራው «በቅርቡ» የሚለውን ቃል ነው። ባቡሩ በቅርቡ ይደርሳል፣ ትምህርት ቤቱ በቅርቡ ይከፈታል፣ መንገዱ በቅርቡ ይሰፋል። ኪራይ የምትከፍሉት ግን ከዛሬ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚሠራውን ብቻ ቁጠሩ፤ የተቀረው ሲመጣ ምርቃት ይሁንላችሁ። አንድ መግቢያና መውጫ ብቻ ያለው ሰፈር ከሆነ ደግሞ ጠዋት መኪናው ሁሉ እዚያች አፍ ላይ ይሰለፋል። አጠገቡ ባዶ መሬት ካለ ግንባታ ይመጣል ብላችሁ አስቡ፤ አቧራውና የማለዳ ቁፋሮው ከእናንተ ጋር ይከርማል።

ሥራ ቦታ አጠገብስ?

ሥራው ከተረጋጋ አሪፍ ነው። በሙከራ ጊዜ ላይ ላለ ሰው ግን አልመክርም። ሥራው ቢቀር፣ የምታውቁት ሰፈር የማትፈልጉት ሰፈር ይሆናል። ቢሮ ብቻ የሚበዛበት አካባቢም ከሥራ ሰዓት በኋላ ጭር ይላል። ባልና ሚስት ሁለታችሁም የምትሠሩ ከሆነ በኪሎ ሜትር መሀለኛ የሆነውን ቦታ ከመፈለግ ይልቅ የሁለታችሁን የጉዞ ደቂቃ አቀራርቡ።

ሳትፈርሙ በፊት

«ከመሀል ከተማ አሥር ደቂቃ» ሲሏችሁ በምንና በስንት ሰዓት ብላችሁ ጠይቁ። የእሑድ ጠዋት አሥር ደቂቃ የሰኞ ጠዋት አርባ ሊሆን ይችላል። መሄድ ከቻላችሁ በሥራ መግቢያ ሰዓት ፌርማታው ላይ ቁሙ። አውቶቡሱ ሞልቶ ሳይቆም ካለፈ ጉዳዩ ታወቀ። ማታም አንዴ ከፌርማታው እስከ በሩ በእግር ሂዱ። መብራት አለ? ሱቅ ክፍት ነው? ሰው ይታያል? ቀን ደስ ያለው መንገድ ማታ ሊያስፈራ ይችላል፤ በተለይ ብቻዋን አምሽታ የምትገባ ሴት ይህንን ሳታይ እንዳትፈርም።

መሄድ ካልቻላችሁ የረጅም ጊዜ ውል ከሩቅ አትፈርሙ። ቤቱን ያላያችሁት ከሆነ ቀብድም አትላኩ፤ በሰው ቤት ፎቶ ገንዘብ የሚሰበስብ አጭበርባሪ የትም አለ። የመጀመሪያዎቹን ወራት አጭር ኪራይ ውስጥ ግቡ፣ ትንሽ ቢወደድም። ሦስቱንም ዓይነት ሰፈር ከዚያ ሆናችሁ ታዩታላችሁ።

የአንድ ዓመት ውል የግድ ከሆነ ሦስት አንቀጽ ፈልጉ። ቀድሞ ለመልቀቅ ስንት ወር በፊት ማሳወቅ ይጠበቃል? ማስያዣው በምን ሁኔታና በስንት ቀን ይመለሳል? ኪራይ በመሀል መጨመር ይቻላል? አከራዩ «እሱ ችግር የለውም፣ እንስማማለን» ካላችሁ «እሺ፣ እንጻፈው» በሉት።