ከቦሎው ጎን የምትለጠፈዋን አረንጓዴ ስቲከር እንዳትገዙ

የድሬና የሐረር መስመር ሾፌሮች፣ ባጃጅ የምትነዱም፣ ሰሞኑን መናኸሪያ አካባቢ ታብሌት ይዘው የሚዞሩ ልጆች «የመኪናችሁን ጭስ በዛፍ እናካክስላችሁ» ቢሏችሁ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ እንዳትሰዱ። እኔ ሰድጃለሁ። 2,400 ብር ከፍያለሁ፤ ይባስ ብዬ ዋርሳዬንና አንድ የሰፈር ልጅ አስከፍያለሁ። ይህ ጽሑፍ ግማሹ ለእነሱ ማካካሻ ነው።

ልጁ ጨዋ ነው፣ አንደበቱም ይጣፍጣል። «ጋሼ፣ በዓመት 2,400 ብር ይከፍላሉ፣ በስምዎ 20 ችግኝ ይተከላል፣ መኪናዎ ከካርቦን ነጻ ይሆናል» አለኝ። ሰርተፍኬትና ስቲከር ሰጠኝ። ስቲከሯ ቅጠል የተሳለባት፣ መጠኗ ልክ ቦሎ የምታክል ናት። ድምፁን ዝቅ አድርጎም «ለቦሎ ጊዜም ትረዳዎታለች» አለ። አምስት ሾፌር ካመጣሁ የሚቀጥለው ዓመት በነጻ ነው። አቦ፣ እዚያ ላይ መንቃት ነበረብኝ!

ሒሳቡን የሠራችልኝ 11ኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ናት። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦንዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፣ ቤንዚን ደግሞ 2.3 ገደማ። «ሊትሩ ራሱ ኪሎ አይሞላ፣ እንዴት ሦስት እጥፍ ይወጣዋል?» ብዬ ተከራከርኳት። ለካ ናፍጣው ውስጥ ያለው ካርቦን ሲቃጠል ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ስለሚጣመር ነው ክብደቱ የሚጨምረው። የኔ አባዱላ በቀን 20 ሊትር ትጠጣለች። 54 ኪሎ መሆኑ ነው፤ ከግማሽ ኩንታል በላይ፣ በየቀኑ። በዓመት 300 ቀን ብሠራ ከ16 ቶን ያልፋል። ያደገ ዛፍ፣ እንደ ዓይነቱና እንደ ቦታው ቢለያይም፣ በዓመት 20 ኪሎ ገደማ ካርቦንዳይኦክሳይድ ከአየር ይስባል ተብሎ ይሰላል። ስለዚህ ለኔ አንድ መኪና ከ800 በላይ ያደገ ዛፍ ያስፈልጋል። የሸጡልኝ 20 ችግኝ ሁሉም ጸድቀው ዛሬውኑ ትልቅ ዛፍ ሆነው ቢያድሩ እንኳ የዓመት ሥራቸው 400 ኪሎ ነው። ያ ደግሞ የስምንት ቀን ናፍጣዬን አይሸፍንም። ባጃጅ ያላችሁም አትሳቁብኝ፤ 5 ሊትር ቤንዚን በቀን ከ11 ኪሎ በላይ ነው።

ከዚያ ችግኞቼን ላያቸው ፈለግሁ። ቦታው በመልካ ጀብዱ መንገድ ነው ተብያለሁ። እሑድ ጠዋት ሄድኩ። ሰርተፍኬቱ «በጥቅምት ተተከለ» ይላል። ድሬ ላይ በበልግም ይዘንባል፣ ዋናው ዝናብ ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። በጥቅምት ቦቴ ውሃ ሳያዘጋጅ ችግኝ የሚተክል ሰው ወይ ድሬን አያውቃትም፣ ወይ ችግኙ ግድ አይሰጠውም። ያገኘሁት ጉድጓድ፣ የፍየል በጠጥና ደረቅ እንጨት ነው። አንዷን ነቅዬ አየኋት፤ ጥቁሩ ላስቲክ እንኳ አልወለቀላትም። ከነላስቲኳ ነው የቀበሯት። ሥሯ እዚያው ውስጥ እንደ ልቃቂት ተጠቅልሎ ደርቋል። ፍየል የሚጠብቅ ልጅ አገኘሁ፣ በኦሮምኛ ጠየቅኩት፤ ፎቶ ተነስተው ሄዱ፣ ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም አለኝ። በአካባቢው የለመለመው ማንም ያልተከለው፣ ፕሮሶፒስ የሚባለው ወራሪ ዛፍ ብቻ ነው።

ሰርተፍኬቱ ላይ ያለውን ለምለም ፎቶም አወቅኩት። ከሁለት ዓመት በፊት ለአረንጓዴ አሻራ ከማኅበራችን ጋር ወጥተን በነጻ የተከልንበት ኮረብታ ነው። እኔው በላቤ የተከልኩትን ለእኔው ሸጡልኝ!

የካርቦን ንግድ፣ ማለትም ጭስን ለማካካስ መክፈል፣ ሁሉም ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ወላይታ ውስጥ የሁምቦ ፕሮጀክት አለ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት የንጹህ ልማት አሠራር ተመዝግቦ፣ የዓለም ባንክ ካርቦኑን የገዛው ነው። 2,700 ሄክታር ገደማ የተራቆተ ተራራ ነው፤ አብዛኛው ያገገመው ደግሞ አዲስ ችግኝ በመትከል ሳይሆን ገበሬዎቹ ከብት ከልክለው የድሮውን ጉቶ እንዲያቆጠቁጥ በመንከባከብ ነው። እንዲህ ዓይነት ቦታ የሚለካ፣ የሚመረመር አለ። የተሳበው ካርቦን የሚሸጠው በቶን ነው፤ እያንዳንዱ ቶን ተከታታይ ቁጥር አለው፣ ተጠቀምኩበት ስትል ቁጥሩ መዝገቡ ላይ «ጥቅም ላይ ውሏል» ተብሎ ይዘጋል፣ ሁለተኛ አይሸጥም። እንዲህ ያለውን ካርቦን የሚመዘግቡት የቬራም ሆነ የጎልድ ስታንዳርድ ድርጅቶች መዝገብ በስልካችሁ ገብታችሁ የምታዩት ነው። እኔ ልጁን ደውዬ «ተከታታይ ቁጥሩን ላክልኝ» ብለው «ሲስተም ውስጥ ነው ጋሼ» አለኝ። የቱ ሲስተም? ስልኩ ተዘጋ።

ቦሎውንም ጠየቅኩ። ምርመራ ጣቢያ ያለው ልጅ ስቲከሯን አይቶ «ይቺ ምንድን ናት?» ብሎ ሳቀ። ፍሬን፣ መብራት፣ ጎማ እንጂ ቅጠል አያይም።

ደግሞ ደንገጎ ዳገት ላይ ከኋላችን ያለውን ሰው የሚያስለው ጥቁር ጭስ ሌላ ነገር ነው። እሱ በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ጥላሸት ነው፣ መልካ ጀብዱ የተተከለ ዛፍ አይደርስለትም። እኔ ኖዝል አስመርምሬ የአየር ፊልትሮ ቀየርኩ፤ ጭሱ ቀነሰ፣ ናፍጣውም ትንሽ ተረፈኝ። ያ 2,400 ብር እዚያ ላይ ቢውል ኖሮ!

ለከፈላችሁ፦ የቴሌብር መልእክታችሁን እንዳታጠፉ። የኔ ገንዘብ የገባው በድርጅት ሳይሆን በግለሰብ ስም ነው፣ ደረሰኝም አልተሰጠኝም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን የሚያሳስት ማስታወቂያ ይከለክላል። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ሰርተፍኬቱንና ያቺን ከነላስቲኳ የደረቀች ችግኝ ይዤ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። ዋርሳዬም አብሮኝ ይመጣል፤ እስካሁን ባያናግረኝም። የተበላችሁ ካላችሁ ከመናኸሪያው በር 2 ሰዓት ተኩል ላይ እንነሳለን፤ በኔው መኪና፣ ሒሳብ አልቀበልም።