በምድጃ የሚጣደው ኦቶክሌቭ ለደብረ ብርሃን የጥርስ ክሊኒክ ይበቃል?

ትንሽ የጥርስ ክሊኒክ ለመክፈት የተነሳ ሰው ከ18 እስከ 24 ሊትር በሚይዘው፣ ምድጃ ላይ በሚጣደው ኦቶክሌቭ (መሣሪያን በእንፋሎት ግፊት በሚያመክን ድስት) ዓይኑ መሳቡ አይቀርም። አየር መምጠጫ ቫኩም ፓምፕ ከተገጠመለት ዓይነት ጋር ሲነጻጸር በጣም ይረክሳል፤ መብራት ሲጠፋም በጋዝ ወይም በከሰል ይሠራል። ዕቃው መጥፎ አይደለም። አደጋው ያለው አብሮት በሚመጣው ቁጥር ላይ ነው።

በየማምከኛ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚነበበው የታወቀ ነው፦ 121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ 15 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ አሃድ)፣ ላልተጠቀለለ ዕቃ 20 ደቂቃ፣ ለተጠቀለለ 30 ደቂቃ። ዲግሪውና ደቂቃው የትም አይለወጥም። 15ቱ ግን የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ጌጁ፣ ማለትም የግፊት መለኪያው፣ የሚያሳየው የድስቱ ግፊት ከውጭው አየር በስንት እንደሚበልጥ ብቻ ነው፤ ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ደግሞ የውጭው አየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ገደማ ነው። እዚህ እንፋሎቱ 121 ዲግሪ እንዲደርስ ጌጁ 19 ተኩል ገደማ ማንበብ አለበት። 15 ላይ ካቆማችሁት ውስጡ ያለው 116 ዲግሪ ገደማ ነው።

አምስት ዲግሪ ምን ልዩነት ያመጣል የሚል አይጠፋም። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ስፖር (ሙቀት የሚቋቋም የባክቴሪያ ዘር) ለመግደል የሚወስደው ጊዜ ወደ 10 እጥፍ ይረዝማል፤ በ5 ዲግሪ ሲቀንስ ከ3 እጥፍ በላይ። በ121 ዲግሪ በ20 ደቂቃ የሚያልቀው ሥራ በ116 ከ1 ሰዓት በላይ ይፈልጋል ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነች 17 ይበቃታል፤ መሃል ሜዳ 20 ትፈልጋለች። ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው የተዛወረ ባለሙያ የለመደውን ቁጥር ይዞ መሄድ የለበትም። ማፍላትማ ከነጭራሹ ማምከን አይደለም፤ ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው።

ስለዚህ ሻጩን ከዋጋው በፊት የምትጠይቁት ሴፍቲ ቫልቩ በስንት እንደሚተነፍስ ነው። በ18 የሚተነፍስ ከሆነ ያ ድስት እዚህ ከተማ 121 ዲግሪን አያያትም። ቫልቩን በሽቦ ማሰር ወይም ክብደት መጫን ደግሞ ሰው የሚገድል ነገር ነው፤ በፍጹም አይሞከርም። በአካሉ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ የሥራ ግፊት ከ20 በደንብ የሚበልጠውን ምረጡ።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አየር ማስወጣቱ ነው። አየር ውስጥ ከቀረ ጌጁ ትክክለኛውን ግፊት እያሳየም ሙቀቱ ይጎድላል። የማስተንፈሻውን ቫልቭ ክፍት አድርጉ፤ እንፋሎቱ ሳይቆራረጥ በኃይል መውጣት ከጀመረ በኋላ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቁና ዝጉ። ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው ጌጁ 19 ተኩል ሲደርስ ነው፤ ምድጃው ሲለኮስ አይደለም። መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ ግፊቱ ከወረደ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። የተጣራ ውሃ ተጠቀሙ፤ የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ኖራው ቫልቩን ይደፍነዋል። ክዳኑ ጌጁ ዜሮ ሳይገባ አይከፈት።

ማድረግ የማይችለውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ለጥርስ መንቀያ ጉጠት፣ ጥርስ ለሚያላቅቀው ኤሌቬተርና ለመስታወት ይሆናል። ጥርስ የሚቦረቡረውን መሣሪያ፣ ተርባይኑን፣ ግን ለዚህ ድስት አትስጡት፤ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች አየር ይዘው ስለሚቀሩ እንፋሎቱ በአስተማማኝ አይገባም። ቫኩም የሌለው ድስት ማድረቅም አይችልም። እርጥብ ሆኖ የወጣ ጥቅል ከእጅና ከጠረጴዛ ላይ ጀርም ይስባል፤ ቀን ጽፎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ራስን ማታለል ነው። ጥርስ የሚቦረቡርና የሚሞላ ክሊኒክ አየሩን በቫኩም የሚያስወጣውን፣ ክላስ ቢ የሚባለውን ይግዛ።

በጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው፣ መሥመሩ የሚጠቁረው ቴፕ ዕቃው ሙቀት እንዳገኘ እንጂ እንደመከነ አይናገርም። በየዙሩ ከዕቃዎቹ መሐል የሚገባ ባለ 5ኛ ክፍል ኬሚካል ጠቋሚ፣ በየሳምንቱ ደግሞ ድስቱ ስፖር መግደሉን የሚያሳይ የጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ (ሙቀት የሚቋቋም ባክቴሪያ) ስፖር ምርመራ ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ያለው የሕሊና ጉዳይ ነው፤ እሱም ከሒሳብ ይጀምራል። ማሞቅ 20 ደቂቃ፣ አየር ማስወጣት 10፣ መያዝ 20፣ ማቀዝቀዝ 25 ቢሆን አንድ ዙር 75 ደቂቃ ይፈጃል። በ8 ሰዓት ሥራ 6 ዙር ነው፣ ያውም ሳይቋረጥ። አራት ስብስብ መሣሪያ ብቻ ያለው ክሊኒክ ቅዳሜ በገበያ ቀን ታካሚ በተሰለፈ ጊዜ ምን ያደርጋል? ባለቤቱ «ታካሚ ቆሟል፣ ፍጠን» ይላል፤ 20ው ደቂቃ 10 ይሆናል፤ ያ ደግሞ ከዓይን የተሰወረ ነው። ከሩቅ ገጠር የመጣው ታካሚ ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት በሽታ ቢይዘው ምልክቱ ከወራት በኋላ ይወጣል፤ ምናልባትም ጭራሽ አይወጣም፤ ከክሊኒኩ ጋር የሚያገናኘው የለም። ባለሙያው እምቢ ማለት ያለበት ማንም የማያየው እዚህ ቦታ ላይ ነው። መፍትሔው ደቂቃ መቁረጥ ሳይሆን 10 ስብስብ መግዛት ወይም ቀጠሮ መስጠት ነው።

ሕጉም ቢሆን በባለቤቱ ትዕዛዝ ባለሙያውን አያድነውም። የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 በሙያ ሥራ ላይ ያለ ሰው የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 559 በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስን ይቀጣል፣ የሙያ ግዴታ ያለበትን ደግሞ ይበልጥ። መዝገብ ያዙ፦ ቀን፣ የዙር ቁጥር፣ የደረሰው ግፊት፣ የቆየበት ደቂቃ፣ የጠቋሚው ውጤት፣ ፊርማ። የስፖር ምርመራው ከወደቀ ድስቱ ይቆማል፤ ካለፈው ጥሩ ውጤት ወዲህ የመከነው ሁሉ እንደገና ይመክናል፤ በዚያ መካከል የታከሙት ሰዎች ዝርዝር ከመዝገቡ ይወጣል። የተጋለጠ ሰው ካለ ሊነገረውና ሊመረመር ይገባዋል፤ መደበቅ ከስሕተቱ ይብሳል።

መሣሪያ የምታጥበውን ሠራተኛም አትርሷት። ሄፓታይተስ ቢ ካለበት ደም ጋር የተነካካ መርፌ ያልተከተበን ሰው ከወጋ የመያዝ ዕድሉ ከ6 እስከ 30 በመቶ ነው፤ በኤች.አይ.ቪ 0.3 በመቶ ገደማ። በ0፣ በ1 እና በ6 ወር የሚሰጡት ሦስት የሄፓታይተስ ቢ ክትባቶች ለሐኪሙ ብቻ አይደሉም። ወፍራም ጓንት ይሰጣት፤ ብሩሹ ከውሃ በታች ይሁን። ለኤች.አይ.ቪ የተጋለጠ ሰው መከላከያ መድኃኒቱን በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የሚወሰደው 28 ቀን ነው።

ስትገዙ ሁለት ትርፍ የክዳን ጎማ ጨምሩ፤ ጎማው ሲሰነጠቅ ድስቱ 20 መድረስ ያቅተዋል። ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት ውሃ ጨምራችሁ ጣዱት፤ በድስቱ ውስጥ የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት ይዞ የሚያቆይ ቴርሞሜትር አኑሩና ክዳኑ ሲከፈት 121 መድረሱን አንብቡ። ሻጩ አዲስ አበባ ከሆነ ደብረ ብርሃን ገብታችሁም ሙከራውን ድገሙት።