«1050 ቲአይ» ተብሎ የሚሸጠውን ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ

ኮምፒውተሩን ከነግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን ለስክሪን የሚያወጣው ክፍል) የገዛሁት ከትናንት ወዲያ ነው። ንዴቱ ስላልበረደልኝ አጻጻፌን እለፉት። ሱቁ መገናኛ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መስታወቱ ውስጥ ባለ ቀለም መብራት ኬዝ የደረደረ፣ «ወንድሜ ግባ፣ ዕቃው የዱባይ ነው» ብሎ የሚቀበል፣ ስፔክ ስትጠይቁት «አይ ሰቨን፣ 16 ራም፣ 4 ጂቢ ግራፊክስ፣ የማያጫውተው ጌም የለም» ብሎ በአንድ ትንፋሽ የሚጨርስ።

ለግራፊክስ ካርዱ ብቻ 18 ሺህ ብር ተቆረጠ። የተባለው ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጂቢ ነው። ኬዙ ውስጥ የተገኘው ጂቲኤስ 450። የመጀመሪያው በፈረንጆች 2016 የወጣ፣ 768 ኮር (ስሌቱን የሚሠሩት ትንንሽ ክፍሎች) ያለው ካርድ ነው። ሁለተኛው የ2010 ዕቃ ነው፤ ኮሩ 192፣ ሜሞሪው 1 ጂቢ። የሁለት ዘመን ቺፕ ኮር በኮር አይነጻጸርም የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ልክ ነው፣ ግን ቢነጻጸርም ባይነጻጸርም ይሄ ሌባ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ካርድ ላይ ባዮስ የሚባል ትንሽ ሜሞሪ አለ፤ ኮምፒውተሩ «አንተ ማነህ?» ብሎ ሲጠይቅ ስሙንና የሜሞሪውን መጠን የሚመልሰው እሱ ነው። አሮጌውን ካርድ አንስተው እዚያ ላይ የሐሰት ስምና «4 ጂቢ» የሚል ቁጥር ይጽፉበታል፤ ከዚያ አዲስ ፕላስቲክና ፋን ያለብሱታል፣ ስቲከር ይለጥፉበታል። ዊንዶውስ ደግሞ የተነገረውን አምኖ ይደግማል። ስለዚህ ሻጩ ዲኤክስዲያግ (የኮምፒውተሩን ዕቃ የሚያሳይ የዊንዶውስ ፕሮግራም) ከፍቶ «ይኸው፣ በዓይንህ እየው» ሲላችሁ የምታዩት ሰውየው ራሱ የጻፈውን ነው።

ያቃጠለኝ ግን ይሄ አይደለም። አንዲት ደቂቃ አለች፣ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋችም።

የሱቁ ልጅ ኬዙን ጠረጴዛው ላይ አቆመና «ሞኒተርህ ቪጂኤ ነው አይደል? በሱ ላሳይህ» አለኝ። ነው አልኩት። ከመሳቢያው ሰማያዊ ጫፍ ያለው ገመድ አወጣ። ኬዙን አዙሮ ገመዱን ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ታች፣ ካርዱ ላይ ሰካው። ሁለቱን ብሎኖች በጣቱ እያጠበቀ ስለ አርሴናል ያወራኛል። እኔም አብሬው አወራለሁ! እጁን እያየሁ። ሰማያዊ ቀዳዳ፣ በሦስት ረድፍ 15 ፒን፣ 1050 ቲአይ በተባለ ካርድ ላይ።

1050 ቲአይ ያለበት የ1000 ተከታታይ የኤንቪዲያ ካርዶች አናሎግ ምልክት አያወጡም፤ ቪጂኤ ደግሞ የሚሠራው በአናሎግ ነው። ቺፑ ራሱ ያንን ትቶታል። 1050 ቲአይ ጀርባ ላይ የሚገኘው ዲቪአይ፣ ኤችዲኤምአይና ዲስፕሌይ ፖርት ነው። ይሄን ለስንቱ ሰው ነግሬያለሁ። ለሌላ ሰው ኮምፒውተር ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ጀርባውን ነው። የራሴ ሲሆን ልጁ ብሎን ሲያጠብቅልኝ ቆሜ ስለ ኳስ አወራሁ።

ከዚያ ጂቲኤ 5 ከፈተልኝ። እሱም የታወቀ ነው፤ ሁሌም የሚከፍቱት ጂቲኤ 5 ነው። ለምን መሰላችሁ? ጌሙ በትንሹ የሚጠይቀው ካርድ 9800 ጂቲ፣ 1 ጂቢ ነው፤ የ2008 ዕቃ። ጂቲኤስ 450 ላይ ሴቲንጉን ዝቅ አድርጎ ማስኬድ አያቅትም። «አየህ እንዴት እንደሚፈስ?» አለኝ። ፊፋ 23 ክፈትልኝ ብለው ኖሮ የሚጠይቀው ትንሹ ካርድ ራሱ 1050 ቲአይ ስለሆነ እዚያው ጉዱ ይወጣ ነበር። አላልኩም።

ስወጣ ደግሞ በር ድረስ ሸኝቶኝ «ድራይቨሩን አፕዴት እንዳታደርገው፣ ይበላሽብሃል» አለኝ። እንደ ምክር ነው የሰማሁት። እነሱ የጫኑት ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) የተነካካ ነው፤ አሮጌውን ቺፕ በአዲስ ስም የሚያንቀሳቅስ። ትክክለኛውን የ1050 ቲአይ ድራይቨር ስትጭኑ ሶፍትዌሩ የማያውቀው ቺፕ ይገጥመዋል፤ ስክሪኑ ይጠቁራል ወይም ጥራቱ ወርዶ ሁሉም ነገር ይገዝፋል፣ ዲቫይስ ማኔጀር (የዊንዶውስ የዕቃ ዝርዝር) ላይ ቢጫ ምልክትና «ኮድ 43» የሚል ስህተት ይመጣል። የጂቲኤስ 450 ዘመን ቺፖች የመጨረሻ ድራይቨር 391.35 ነው፤ 2018 ላይ ቆሟል፣ ከዚያ ወዲህ የወጣው አያውቃቸውም። እኔ ምንም ሳልነካ፣ ቤት ገብቼ ከዋይፋይ ጋር እንዳገናኘሁት ዊንዶውስ ራሱ አዲሱን ድራይቨር አውርዶ ጫነው። ልጁ ያስጠነቀቀኝ ለካ ከዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ጂፒዩ-ዚ ከፈትኩ። የካርዱን ማንነት የሚያነብ ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ መጫን እንኳ አያስፈልገውም፣ ከፍላሽ ላይ ይከፈታል። ከስሙ ፊት «ፌክ» የሚል ቃል በቅንፍ ያስቀምጣል፣ የኤንቪዲያ አርማ በሚገባበት ቦታ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን። ከ2.12 ቨርዥን ወዲህ እንዲህ ያሉትን ካርዶች ያውቃቸዋል፤ አሮጌ ቨርዥን ግን ሊሸወድ ይችላል። ከስሙ በታች ያሉትን መስመሮችም አንብቡ። ቴክኖሎጂ የሚለው 40 ናኖሜትር ይላል፤ ለ1050 ቲአይ 14 መሆን ነበረበት። ሼደር (ኮሩ ማለት ነው) 192። ባስ (ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር) ላይ ፒሲአይ 2.0፤ ትክክለኛው 3.0 የሚደግፍ ነው።

ኬዙን ስከፍት ሌላ ጉድ። ካርዱ ባለ ስድስት ፒን ኤሌክትሪክ ይጠይቃል፤ ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ሳጥን) ላይ ግን ባለ ስድስት ፒን ገመድ ስለሌለ በመቀየሪያ ቀጥለውለታል። 1050 ቲአይ 75 ዋት ብቻ ስለሚበላ ብዙውን ጊዜ ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ ይበቃዋል (ባለ ስድስት ፒንም አሉ፣ በዚህ ብቻ አትፍረዱ)። ጂቲኤስ 450 ግን 106 ዋት ነው። ፓወር ሰፕላዩ «500 ዋት» ተብሎ ተጽፎበታል። ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ስታዩ 12 ቮልቱ ላይ 18 አምፒር ይላል። 12 በ18 ስታባዙ 216 ዋት፤ 500 አይደለም። ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚበሉት ከዚያ መስመር ነው። ስለ «አይ ሰቨኑ» አልናገርም፤ ሦስተኛ ትውልድ ነው፣ እሱን እያወቅኩ ነው የገዛሁት።

«4 ጂቢ» የተባለው ሜሞሪስ? ጌሙ አራት አለ ብሎ አምኖ ይጭናል፤ 1 ጂቢዋ ስትሞላ ግድግዳው ቀለም ይረጫል፣ ወይም ጌሙ ተዘግቶ ዴስክቶፕ ላይ ይጥላችኋል። ሱቅ ውስጥ የሦስት ደቂቃ ሙከራ ላይ ይሄ አይታይም።

በማግስቱ ይዤ ተመለስኩ። ያ ስለ አርሴናል ያወራኝ ልጅ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ቴክኒሻን ነኝ የሚለው ጂፒዩ-ዚ የጻፈውን ሳሳየው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ይሄ ሶፍትዌር ራሱ ቫይረስ ነው፣ እሱን ነው የጫንክበት።» ሰማያዊዋን ቀዳዳ በጣቴ ነካኋት። «ለኢትዮጵያ ገበያ ተብሎ የተሠራ ነው፣ እዚህ ሰው ቪጂኤ ስለሚጠቀም» አለኝ። ከኋላው ያሉት ሳቁ። ቀጥሎ ልጁ ከስልኩ ሳይነሳ «ደረሰኝህን አሳየን» አለ። ይሄው ልጅ ነው ስገዛ «በደረሰኝ ከሆነ 15 ፐርሰንት ትጨምራለህ፣ ምን ያደርግልሃል?» ያለኝ። እኔም 15 ፐርሰንቷን አተርፋለሁ ብዬ ተውኩት። ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ ማስቀየር ወይም ገንዘብ ማስመለስ እንደሚቻል የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ላይ አለ፤ ከዚያ ሱቅ መግዛቴን የሚያሳይ ወረቀት ግን የለኝም።

ለምትገዙ ባጭሩ፦ ጂፒዩ-ዚ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ክፈቱት፣ እምቢ ካሉ ውጡ። ካርዱ ላይ ቪጂኤ ካለ አትከራከሩ። ቪጂኤውን ነቅለው በዲቪአይ ብቻ የሚሸጡም ስላሉ ዲቪአዩን አስተውሉ፤ ጠፍጣፋዋን ቀዳዳ ዙሪያዋን አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ከከበቧት አናሎግ የሚያወጣ ነው፣ 1050 ቲአይ ላይ አይኖርም። ደረሰኝ ላይ «ኮምፒውተር 1» ሳይሆን የካርዱ ሙሉ ስምና ሲሪያል ቁጥር ይጻፍ። አርኤክስ 580 የሚባለውን የኤኤምዲ ካርድ የምትፈልጉ ደግሞ ጂፒዩ-ዚ ላይ ሼደሩን እዩ፤ 2304 ካልሆነና 2048 ካለ ስሙ 580 ይሁን እንጂ የኮሩ ቁጥር የ570 ነው፣ በ580 ዋጋ አትክፈሉ።

ዛሬ ጠዋት የሱቁን ቴሌግራም ቻናል አየሁት። «1050 ቲአይ 4 ጂቢ፣ በጣም ንጹህ፣ ሁለት ፍሬ ብቻ የቀረ፣ ዋጋ በኢንቦክስ» ብለው ለጥፈዋል። ፎቶውን ያነሱት ከጀርባ በኩል ነው። አጉልታችሁ እዩት፤ ሰማያዊዋ ቀዳዳ ቁልጭ ብላ ትታያለች።