የመኪና ፍሬዛል ቨርብ፦ በዝርዝር ወይስ በጉዞ ቅደም ተከተል?

ከመንዳት ጋር የተያያዙ የእንግሊዝኛ ፍሬዛል ቨርቦችን (ግስ እንደ "አፕ" ወይም "አውት" ካለ አጭር ቃል ጋር ተጣምሮ የራሱ ትርጉም ሲይዝ) ብዙ ሰው የሚያጠናው በግሱ ሰብስቦ ነው። "ፑል" ይልና "ፑል ኦቨር"፣ "ፑል አውት"፣ "ፑል ኢን"፣ "ፑል አፕ" እያለ ይደረድራል። ሌላው መንገድ ጉዞውን ከመነሻ እስከ መድረሻ መከተል ነው።

ዝርዝሩ ለነገ ፈተና ይመቻል፣ ቶሎ ይሸመደዳል። ችግሩ ቶሎም ይምታታል፤ አራቱም አጀማመራቸው አንድ ስለሆነ መናገር ላይ ስትደርሱ የትኛው የትኛው እንደነበር ይጠፋባችኋል።

በጉዞ ስታጠኑት ግን እያንዳንዱ የራሱን ቦታ ይይዛል። ቀበቶ ስታስሩ "በክል አፕ"። ከቆማችሁበት ወጥታችሁ መንገድ ስትገቡ "ፑል አውት"። ትራፊክ ፖሊስ ዳር ያዙ ካላችሁ "ፑል ኦቨር" ነው፣ ቀይ መብራት ላይ ደርሳችሁ ስትቆሙ ደግሞ "ፑል አፕ"፤ ሁለቱም መቆም ናቸው፣ ግን "ፑል ኦቨር" ጥግ መያዝን ይጨምራል፣ "ፑል አፕ" የግድ አይጨምርም፣ ይሄን ልዩነት በዓይነ ህሊናችሁ መንገዱን ካላያችሁት ዝርዝር ብቻውን አያሳያችሁም። መኪናው ከተበላሸ "ብሬክ ዳውን"፣ ነዳጅ ካለቀ "ራን አውት"።

ዝርዝሩ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፦ ሰዋስው። "ፒክ አፕ" (ሰው መጫን) እና "ድሮፕ ኦፍ" (ሰው ማውረድ) መሃላቸው ተውላጠ ስም ያስገባሉ፤ "ፒክ ሂም አፕ" ይባላል እንጂ "ፒክ አፕ ሂም" አይባልም። እንዲህ ያሉትን ለብቻ ጻፏቸው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ በጉዞው ጀምሩ። መኪና ውስጥ ስትቀመጡም ሹፌሩ የሚያደርገውን በእንግሊዝኛ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።