ጃንጎ ወይስ ኤክስፕረስ? ነጻው ፍሬምወርክ ስንት ያስወጣል
ሲስተም ሊያሠራ ያሰበ ጓደኛ ሁሉ የሚደውልልኝ ለአንድ ጥያቄ ነው፦ «በጃንጎ ይሻላል ወይስ በኖድ?» አንድ በአንድ ማስረዳት ሰለቸኝ። ከአሁን በኋላ ይህን እልካለሁ። ፍሬምወርክ ማለት የዌብ ሲስተም የሚገነባበት ዝግጁ የኮድ መሠረት ነው። ጃንጎ የፓይተን ነው፤ ኤክስፕረስ ደግሞ ጃቫስክሪፕትን ሰርቨር ላይ በሚያስኬደው በኖድ ላይ ይሠራል።

አድልዎዬን አልደብቅም። ሙሉ ሆኖ የሚመጣውን እመርጣለሁ፤ ጃንጎን፣ ላራቬልን፣ ሬይልስን። ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ክፍል፣ የፎርም ጥበቃው፣ ሌላውም ጣጣ አብሮ አለ። ሌላኛው መንገድ ኤክስፕረስን ይዞ የቀረውን ከየቦታው መልቀም ነው። ሎግኢን ከአንዱ፣ ዳታቤዝ ከሌላው፣ ገጹ ሪአክት በሚባል ሌላ የጃቫስክሪፕት መሣሪያ። የቱ ይፈጥናል የሚለውን ልዝለለው። ለአብዛኛው ሥራ ሁሉም ይበቃሉ፤ ሲንቀራፈፍ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ለዳታቤዙ የሚላከው ጥያቄ፣ የኩዌሪው ነው።

ወደ ገንዘቡ እንሂድ። ሁሉም በነጻ ይወርዳሉ። ወጪው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የሰው ሰዓት። በፈረንጆቹ 2005 ለሕዝብ የተለቀቀው ጃንጎ የተወለደው ጋዜጣ ቤት ውስጥ ነው። ዜና ነገ አይባልም፤ ፕሮግራመሮቹም ፋታ አልነበራቸውም። ያ ጥድፊያ አድሚኑ (ዳታው የሚተዳደርበት ክፍል) ላይ ይታያል፤ ሞዴሉን፣ ማለትም የዳታውን ቅርጽ፣ ጽፈህ በአንድ ሁለት መስመር ስታስመዘግበው የዳታ ማስገቢያ ገጹ ተዘጋጅቶ ይጠብቅሃል። በኤክስፕረስ ይህንኑ ስታሠራ ቆጣሪው እየሮጠብህ ነው። ሳምንት ሊበላ ይችላል።

ሰርቨር ላይ ላራቬል ጃንጎንም ያስንቃል። የተጻፈበት ፒኤችፒ ርካሽ የጋራ ሆስቲንግ ላይ ይሠራል። ጃንጎና ኖድ አብዛኛውን ጊዜ ቪፒኤስ (ራስህ የምታስተዳድረው የኪራይ ሰርቨር) ይፈልጋሉ። ቪፒኤሱ በወር 5 ዶላር አካባቢ ይገኛል፤ የሚጠብቀው ሰው ግን በ5 ዶላር አይገኝም። «ለጊዜው ነጻው ላይ እንጫነው» የሚልህንም አትስማ። ሄሮኩ የሚባለው ሆስቲንግ ነጻ አገልግሎቱን በ2022 ዘግቶታል።

እኔን ያቃጠለኝ ጥገናው ነው። አንድ ጊዜ ተገጣጥሞ የተሠራ ሲስተም ተረከብኩ። የጻፈው ልጅ ጎበዝ ነበር፤ ኮዱ ንጹህ ነው። ግን ሁለት ዓመት የነካው የለም። አንዲት የቀን ማሳያ ፓኬጅ (ሌላ ሰው የጻፈው ዝግጁ ኮድ) ላድስ አልኩ። እሷ ሌላ ፓኬጅ ጠየቀች፤ ሌላው አዲስ ኖድ ጠየቀ፤ አዲሱ ኖድ ሎግኢኑን ሰበረው፤ የሎግኢኑ ፓኬጅ ባለቤት ደግሞ ሥራውን ትቶታል። አራት ቀን! ደንበኛው ያየው ለውጥ ቢኖር ቀኑ ተስተካክሎ መውጣቱ ነው። ለዚህ ሂሳብ መጠየቅ ራሱ ያሳፍራል።

ኤክስፕረስን አልወቅስም። 4ኛው ቨርዥን በ2014 ወጥቶ 5ኛው የመጣው በ2024 ነው፤ ከዚህ በላይ ጭምት ከየት ይመጣል? ችግሩ ዙሪያው ነው። በ2016 ሌፍት ፓድ የምትባል 11 መስመር ኮድ የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ከሚወርዱበት ከኤንፒኤም ስትነሳ ስንቱ ፕሮጀክት አልነሳ አለ። ጃንጎ ኤልቲኤስ (ረጅም ድጋፍ ያለው) ለሚለው ቨርዥን 3 ዓመት ያህል የደህንነት ጥገና ይሰጣል። ላራቬል 2 ዓመት ነው፤ ዋና ቨርዥኑም በየዓመቱ ይቀየራል። በሆስቲንግ ያተረፍከውን በእድሳት ትመልሳታለህ።

ስለ ኮፒም ላንሳ። የሚሸጥ የአድሚን ቴምፕሌት ተሰብሮ በነጻ ሲዞር አግኝቼ፣ ብልጥ ነኝ ብዬ ወስጄ አውቃለሁ። ውስጡ የማይነበብ የተጠቀለለ መስመር ነበር። ስፈታው ከውጭ ትእዛዝ ተቀብሎ የሚፈጽም ኮድ ሆኖ ተገኘ። ፓስወርዱን በሙሉ ቀየርኩ፤ ሰርቨሩን ከዜሮ ጫንኩ። ኦሪጅናሉ ከዚያች አንድ ሌሊት ይረክስ ነበር።

መገጣጠም የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። ሥራው ቻት ከሆነ፣ ወይም በየሰከንዱ የሚቀያየር የቀጥታ ገጽ ከሆነ፣ ወይም ቡድኑ ከጃቫስክሪፕት ሌላ የማያውቅ ከሆነ። ለምዝገባ፣ ለሽያጭ፣ ለቢሮ ሥራ ግን ጃንጎ በል። ዲቨሎፐሩ «እኔ ገጣጥሜ ነው የምሠራው» ካለህ፣ ውል ሳትፈርም አንድ ነገር ጠይቀው፦ ከሁለት ዓመት በኋላ ፓኬጆቹን የሚያድሰው ማን ነው? በስንት?