የኮንቴይነር ቢሮ፦ አንድ ሰርተፍኬት ወይስ ምንጩ በተቀየረ ቁጥር ፍተሻ?

ዛሬ ከመብራት ኃይል፣ ነገ ከጄኔሬተር ለሚቀጠል የኮንቴይነር ቢሮ ሁለት አካሄድ አለ።

አንደኛው የኤሌክትሪክ መስመሩን ወርክሾፕ ውስጥ ፈትሾ ለሁሉም ቦታ አንድ ሰርተፍኬት መስጠት ነው። ርካሽ ነው፤ ለውስጥ ገመዱ ኢንሱሌሽንም (በ500 ቮልት ቢያንስ 1 ሜጋኦም) ይበቃል፣ በጉዞ የላሉ ብሎኖች እንደገና ከጠበቁ።

ሁለተኛው ሰርተፍኬቱን ለኮንቴይነሩ ብቻ ሰጥቶ፣ ምንጩ ሲቀየር አርዙንና የብሬከሩን አቆራረጥ እንደገና መፈተሽ ነው። እኛ የምንመክረው ይህን ነው። ሲ 20 ብሬከር (የሲ ዓይነት፣ ባለ 20 አምፔር) በሾርት ጊዜ ወዲያው እንደሚቆርጥ እርግጠኛ የሚኮነው በ200 አምፔር ነው። ባለ አንድ ፌዝ 10 ኬቪኤ ጄኔሬተር ሙሉ ጭነቱ 43 አምፔር ገደማ ስለሆነ፣ በሾርት ጊዜ ሦስት እጥፍ ቢሰጥ እንኳ ከ130 አምፔር ገደማ አያልፍም። በከተማው መስመር ፍተሻውን ያለፈ ብሬከር እዚህ ሊዘገይ ይችላል። በዝቅተኛ ፍሰት ለሚቆርጠው የቢ ዓይነት፣ ለቢ 20፣ ግን 100 አምፔር ይበቃዋል።

30 ሚሊአምፔር ሊኬጅ ብሬከርም (ፍሰት ወደ አርዝ ሲያፈተልክ የሚቆርጠው) የግድ ነው፤ ሆኖም የጄኔሬተሩ ኒውትራል ከአካሉና ከአርዝ ካልታሰረ ፍሰቱ መመለሻ ስለሌለው አይቆርጥም። የቴስት ቁልፉ ግን ይሠራል፤ ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው! ማሰሪያው ጄኔሬተሩ ጋ እንጂ ኮንቴይነሩ ቦርድ ውስጥ አይሁን፤ ቻንጅ ኦቨሩም (ምንጩን የሚቀያይረው ማብሪያ) ኒውትራሉን አብሮ የሚቀይር ባለ ሁለት ፖል ይሁን።