ሄርማታ ያለው ኳስ ማሳያ ቤትና የሞሪያሱ ጨዋታዎች

ጅማ ሄርማታ አካባቢ ያለ አንድ ኳስ ማሳያ ቤት፣ ሊግ በሌለበት ጠዋት ለታዳጊ ቡድን አሰልጣኞች የቆዩ ጨዋታዎችን እያቆመ ያሳያል። ከሁሉም የሚጠቅመው የጃፓኑ አሰልጣኝ ሀጂሜ ሞሪያሱ ነው። ተጫዋች ሳለ ተከላካይ አማካይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ዶሃ ላይ ኢራቅ በባከነ ሰዓት አቻ አድርጋ ጃፓንን ከዓለም ዋንጫ ስታስቀር ሜዳ ውስጥ ነበር። አሰልጣኝ ሆኖ የጃፓኑን ክለብ ሳንፍሬቼ ሂሮሺማን እ.ኤ.አ. በ2012፣ በ2013 እና በ2015 የሊግ ሻምፒዮን አደረገ። ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ የጃፓንን ብሔራዊ ቡድን ይዟል።

የእ.ኤ.አ. 2022ቱን የዓለም ዋንጫ የጃፓንና የጀርመን ጨዋታ ጠይቁ። 1 ለ 0 እየተመራ እረፍት ላይ ኩቦን አስወጥቶ ተከላካዩን ቶሚያሱን አስገባ፤ የኋላ መስመሩ ከአራት ወደ ሦስት ሆነ። ተከላካይ ጨምሮ ማጥቃት! ግን ሦስቱ ከኋላ ስለቆሙ የመስመር ተጫዋቾቹ ወደፊት መውጣት ቻሉ። በ57ኛው ደቂቃ ሚቶማና አሳኖ፣ በ71ኛው ዶአን ገቡ፤ ዶአን በ75ኛው፣ አሳኖ በ83ኛው አገቡ።

ይህን ታዳጊዎች ላይ ስትሞክሩ የመስመር ተጫዋቾቹ ፈርተው ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ሦስቱ አምስት ይሆኑና አማካዩ ባዶ ይቀራል። መጀመሪያ የሚቆሙበትን ቦታ በኮን አሳዩአቸው።

ቤቱ ጄኔሬተር የለውም፤ መብራት ከሄደ ማሳያው እዚያው ያበቃል። የበሩ ብርሃን ስክሪኑን ስለሚያደበዝዝ መጋረጃው እንዲዘጋ ጠይቁና መሃል ተቀመጡ። አሳዪው ልጅ ግን ትዕግሥተኛ ነው፣ አንዱን ቅያሪ አሥር ጊዜ ቢጠየቅ ይመልሳል።